የ1951ዋ ሉሲ ከ1971ዱ አርቺ ለምን ጠርታ ትታያለች?

ጥያቄዬ ይኸው። አይ ላቭ ሉሲ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በሲቢኤስ የጀመረችው በኦክቶበር 1951 ነው፤ ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ ደግሞ በዚያው ጣቢያ በጃንዋሪ 1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም በተመልካች ፊት የተቀረጹ፣ ሁለቱም ከሳሎን ብዙ የማይርቁ ኮሜዲዎች ናቸው። በመካከላቸው ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ የቴክኖሎጂ ዕድገት አለ። ታዲያ ዛሬ በትልቅ ስክሪን ሲታዩ የሉሲ ቀሚስ ላይ ያለው ነጠብጣብ አንድ በአንድ ሲቆጠር፣ የኦል ኢን ዘ ፋሚሊው አባወራ የአርቺ ባንከር ወንበር የለበሰው ጨርቅ ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ አይለይም። አሮጌዋ አዲስ፣ አዲሱ አሮጌ መስሏል።

ሉሲ በ35 ሚሊሜትር ፊልም፣ አርቺ በቪዲዮ ቴፕ መቀረጻቸውን አውቃለሁ። የምከራከረው በሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ቴፕ የተመረጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነው ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ቴፕ ሰውን ልክ አሁን፣ ፊት ለፊታችን ቆሞ የሚናገር ያስመስለዋል፤ የአርቺ ጩኸትም በፊልም ቢቀረጽ ኖሮ ግማሽ ጉልበቱን ያጣ ነበር። በምስልነቱ ፊልም ይበልጣል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ኮሜዲ ግን ቴፕ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ይህ የመድረኩ የውይይት ክር ስለረዘመ፣ ዘግይተው ለሚመጡ ሲባል መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። የተሰረዙትን ስድቦች አልፌያቸዋለሁ።

ቁጥር 1፦ በጨዋ ደንብ ሰላምታ ሰጥቶ ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ምስል በዚያ ዘመን በ525 አግድም መስመር የሚሣል ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ምስል የሚሸከመው 480 ገደማ ብቻ ነው። የ35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ (ካሜራው ውስጥ የነበረው ዋናው ፊልም) ከዚህ እጅግ የበለጠ ዝርዝር ይይዛል። ስለዚህ በ1951 ሉሲን ያየ ሰው እኛ ዛሬ የምናየውን ጥራት ፈጽሞ አላየም፤ ጥራቱ የፊልሙ ቆርቆሮ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ የሚያነበው ማሽን እስኪሠራ ድረስ ተቀምጦ ነበር። ቴፕ ግን የሚቀዳው ያንኑ የቴሌቪዥን ሲግናል ነው። ማድጋው ውስጥ ያልገባ ውሃ ከማድጋው አይቀዳም አለ።

ቁጥር 2፦ የዚህ ክር ምርጧ ጸሐፊ ለእኔ እሷ ናት። ሉሲ በፊልም የተቀረጸችው ማንም ስለ መጪው ትውልድ አስቦ እንዳልሆነ አስረዳች። ያኔ ቀጥታ ስርጭት የሚካሄደው በአብዛኛው ከኒውዮርክ ነበር፤ የስፖንሰሩ የፊሊፕ ሞሪስ ፍላጎትም ይኸው ነበር። የኮሜዲው ዋና ተዋንያን ሉሲል ቦልና ባለቤቷ ዴሲ አርናዝ ግን ካሊፎርኒያን ለቀው መሄድ አልፈለጉም። ከሎስ አንጀለስ ቀጥታ ቢተላለፍ ደግሞ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖርበት የምሥራቁ ክፍል ኪነስኮፕ ሊያይ ነው። ኪነስኮፕ ማለት የፊልም ካሜራ በቴሌቪዥን ስክሪን ላይ ደግኖ መቅረጽ ነው፤ ውጤቱም ጭጋግ ነው። አርናዝ ታዲያ ለምን ራሱን ፊልም አንሠራም አለ። ወጪው ስለጨመረ ባልና ሚስቱ ከሳምንታዊ ክፍያቸው 1,000 ዶላር እንዲቀነስ ተስማሙ፤ በምትኩ የጠየቁት የፊልሞቹን ባለቤትነት ነበር። የተቀረውን የድርጅታቸውን የዴሲሉን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስለ ካሜራ ባለሙያው ስለ ካርል ፍሮይንድም ጨመረች። በ1927 በወጣው ሜትሮፖሊስ ላይ የሠራው ጀርመናዊ ነው እዚህ ሳሎን ውስጥ መብራት ያስተካከለው። ሦስት ካሜራ ባንድ ጊዜ፣ ሳያቋርጥ፣ ተመልካች እየሳቀ እንዲቀርጽ መብራቱን ከላይ ሰቅሎ ወለሉን ነጻ አደረገው። ጥላና ብርሃን በማጫወት ስሙን ያተረፈ ሰው፣ የትኛውም ጥግ ጥላ እንዳይኖረው ሲለፋ ይታያችሁ።

ቁጥር 3፦ ቁጥር 2ን አመሰገነ፤ ሌላ የለውም።

ቁጥር 4፦ ክሩን ያናጋው ይህ ነው። ኮሜዲን በነጠብጣብ ቆጠራ የሚመዝን ሰው መሳቅ የረሳ ሰው ነው ብሎ ጀመረ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ ቴፕ 60 ነው፤ ስለዚህ የፊት እንቅስቃሴ፣ የቅንድብ መነሣት፣ የቃል አወጣጥ ሰዓት ሁሉ በቴፕ ይበልጣል፤ የቀረው የሙዚየም ጠባቂዎች ወሬ ነው አለ። ከእኔ ጋር መስማማቱ ነው መሰለኝ፤ አነጋገሩ ግን ወዳጅ የሚያስፈልገው ሰው አነጋገር አልነበረም።

ቁጥር 5፦ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በቴክኒክ ክፍል ለረጅም ዘመን የሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። የቁጥር 4ን ቁጥር በትዕግሥት አረሙ። 60ው ሙሉ ምስል አይደለም፤ ግማሽ ምስል ነው። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች ይሣላሉ፤ በሚቀጥለው ስልሳኛ ሰከንድ ሙሉ ቁጥር ያላቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ ግማሽ የተለየ ቅጽበት ስለያዘ ዓይን እንቅስቃሴውን እንደ 60 ይቆጥረዋል፤ በዚህ በኩል ልጁ ትክክል ነው አሉ። ፊልሙ ሲተላለፍ ግን አንዱ ምስል ለሁለት፣ ተከታዩ ለሦስት ግማሽ እየተደገመ 24ቱ ከ60ው ጋር ይታረቃል፤ ያቺ ትንሽ መንቀጥቀጥ የሲኒማ ጠባይ ሆና ቀረች። የአውሮፓና የእኛ አገር ቴሌቪዥን 625 መስመርና 50 ግማሽ ስለነበር እዚያ ፊልሙን በ25 ማስኬድ ይበቃ ነበር።

ከዚያም ስለ ካሜራው ጻፉ። የቴፕ ዘመን ሲባል ጥፋቱ ሁሉ የቴፑ እንዳልሆነ፣ የድሮዎቹ ባለቱቦ ካሜራዎች ብርቱ ብርሃንን መሸከም አቅቷቸው ነጩን እንደሚያቃጥሉት፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲንቀሳቀስ ከኋላው ጅራት እንደሚተው አስረዱ። በዚህ ምክንያት መብራቱ በየቦታው እኩል እንዲሆን ይደረጋል፤ ጨለማ ጥግ የለም፤ ምስሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። የኦል ኢን ዘ ፋሚሊ ሰዎች የቤቱን ቀለም ቡናማና ደብዛዛ ማድረጋቸው እሳቸውን አይገርማቸውም። (የኮሜዲው ፈጣሪ ኖርማን ሊር ቤተሰቡ እንደ አሮጌ የፎቶ አልበም እንዲታይ ፈልጎ እንደነበር ይነገራል፤ ስለዚህ ሁለቱም ምክንያት አብሮ ቢሄድ አያጣላም።)

ቁጥር 6፦ ከአዲስ አበባ የጻፈች እህት ናት። ቴፕ ጥራት የለውም የሚለውን ከቤቷ ልምድ ታውቀዋለች፦ የአክስቷ ሠርግ ዋሽንግተን ተቀርጾ ካሴቱ ሲላክላቸው ቤተሰቡ ሁሉ ዴኩ ፊት ተሰበሰበ፤ የመጣው ምስል ግን ጥቁርና ነጭ፣ እየተንከባለለ የሚሮጥ ነበር። የሙሽራዋን ቬሎ ያዩት በግምት ነው። ስለዚህ በኮሜዲውም ቢሆን ከፊልም ጋር ናት።

ቁጥር 7፦ ይህንን መታገሥ ያቃተው ሰው ነው። የሠርግ ቪኤችኤስ ካሴትንና የጣቢያ ቴፕን ማደባለቅ የዕውቀት ማነስ ነው ብሎ ተነሣ። የእሷ ካሴት ያልታየው በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት በኤንቲኤስሲ ተቀርጾ በእኛው ሥርዓት በፓል በሚሠራ ዴክ ስለተከፈተ ነው እንጂ ቴፕ ስለሆነ አይደለም። አምፔክስ በ1956 ያወጣው የጣቢያ ማሽን አንድ ክፍል የሚሞላ፣ ሁለት ኢንች ስፋት ያለው ቴፕ የሚበላ ነበር፤ የአንድ ሰዓቱ ጥቅል ብቻ 300 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 ሲቢኤስ የዳግላስ ኤድዋርድስን ዜና በእሱ አስተላልፏል። የቤት ቪኤችኤስ ከጎን ወደ ጎን የሚለየው 240 መስመር ያህል ብቻ ነው። ይዘቱ ሁሉ ልክ ነው። አጻጻፉ ግን ተማሪ እንደሚገርፍ የቀድሞ ዘመን መምህር ነው።

ቁጥር 8፦ ቁጥር 7ን ገሠጸ፤ ልጅቷ ስለ ቤተሰቧ ነው የነገረችን፣ ፈተና ላይ አልተቀመጠችም አለ። ብዙ ድጋፍ አገኘ።

ቁጥር 9፦ ወደ ጉዳዩ መለሰን። ያው ሰው፣ ያው ሳሎን፣ ሁለት ዓይነት አቀራረጽ ማየት የሚፈልግ ሰው ዘ ሃኒሙነርስን ይይ አለ። በ1955 እና 1956 የታዩት 39 ክፍሎች በዱሞንት ኤሌክትሮኒካም የተቀረጹ ናቸው፤ ይህ ማሽን በአንድ ሌንስ የሚገባውን ብርሃን ከፍሎ ለቴሌቪዥን ካሜራውም ለ35 ሚሊሜትር ፊልሙም ያድላል። በዚያው ሰዎች የተሠሩት ቀደም ያሉት አጫጭር ትዕይንቶች ግን ቀጥታ የተላለፉ ስለነበሩ የቀሩት በኪነስኮፕ ብቻ ነው። አንዱን ካንዱ ቀጥሎ ያየ ሰው ተጨማሪ ክርክር አያስፈልገውም።

ቁጥር 10፦ የኪነስኮፑ ትዕይንቶች ይበልጥ ያስቃሉ አለ፤ ምክንያት አልሰጠም።

ቁጥር 11፦ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አመጣ። ኒውሃርት የተባለው የቦብ ኒውሃርት ኮሜዲ በ1982 ሲጀምር የመጀመሪያው ዓመት በቴፕ፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በፊልም ነው። ያው ሆቴል፣ ያው ዋና ተዋናይ፣ ያው አዘጋጅ ድርጅት። እሱ እንደሚለው የመጀመሪያው ዓመት እንግዳ መቀበያ ክፍል ከስቱዲዮ የመጣ እንጨት ይመስላል፤ በሁለተኛው ዓመት ቤቱ ሙቀት አገኘ፣ መስኮቱ ውጪ ያለው ቨርሞንት እንኳ የሚታመን ሆነ። ሳቁ ቀነሰ ወይ ብሎ ራሱን ጠይቆ፣ አልቀነሰም ሲል መለሰ። በእኔ ክርክር ላይ የተሰነዘረው ከባዱ ምት ይህ ነው።

ቁጥር 12፦ እኔ ነኝ። ኒውሃርት ዝግ ያለ፣ በዝምታ የሚያስቅ ሰው መሆኑን ጻፍኩ፤ ሞቅ ያለ ፊልማዊ ክፍል ያን ጠባይ ያግዘዋል። ሜሪ ታይለር ሙር ሾውም በፊልም መሠራቱ ተስማምቶታል፣ ሰዎቹ የሚዋደዱበት ቤት ነውና። የሊር ቤቶች ግን የጦር ሜዳ ናቸው። ሞድ፣ ጉድ ታይምስ፣ ዘ ጀፈርሰንስ፣ ሳንፎርድ ኤንድ ሰን ሁሉም ቴፕ ናቸው፤ በእነዚህ ውስጥ የቤቱ ግድግዳ ቢወዛወዝ ማንም ግድ የለውም፤ የሚታየው ፊት ነው። እንደ ቲያትር መድረክ፣ ፊት ከነላቡ።

ቁጥር 13፦ ለንደን የሚኖር ነው። አሜሪካኖች ቴፕን ርካሽ ነው ብለው የሚንቁት የቀን ሶፕ ኦፔራዎች በቴፕ ይቀረጹ ስለነበር ነው አለ፤ እንግሊዝ አገር ግን ጥሩውም መጥፎውም ስቱዲዮ ውስጥ በቴፕ፣ ከቤት ውጭ ያለው በ16 ሚሊሜትር ፊልም ይሠራ ነበር። ፎልቲ ታወርስ በ1975 እና በ1979 የታዩት 12 ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ ባዝል ፎልቲ በር ከፍቶ በወጣ ቁጥር ዓለሙ ይለወጣል፦ ውስጡ ለስላሳና ብሩህ፣ ውጪው ፍሬ ፍሬ የሚልና ፈዘዝ ያለ። ተመልካቹ ለምዶት ስለነበር ማንም አይጠይቅም ነበር።

ቁጥር 14፦ የጠየቁ አሉ ብሎ ተቃወመ። የእንግሊዝ ኮሜዲያኖቹ ሞንቲ ፓይተኖች በ1970 ይህንኑ ነገር ቀልድ አድርገውታል፤ ሰዎች ከስቱዲዮ ክፍል ለመውጣት በሩን ሲከፍቱ ራሳቸውን ፊልም ላይ ያገኙታል፣ ደንግጠው ይመለሳሉ፣ በመስኮት ይሞክራሉ፣ እሱም ፊልም ነው፤ መላው ክፍል በፊልም ተከቧል። እኔ ቀልዱን ስንት ጊዜ አይቼው የአቀራረጽ ቀልድ መሆኑን ያስተዋልኩት አሁን ነው፤ በስልክ ላይ የሚያይ ሰውማ ጭራሽ ሊገባው አይችልም።

ቁጥር 15፦ ጋሼ ተመለሱ፤ ይህኛው ከሁሉ የረዘመ ነው። ስለ ጥራት ብቻ ስታወሩ ስለ መትረፍ ረሳችሁ አሉ። ቴፕ ይጠፋል፤ ለዚያው ነው የተሠራው፤ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። ውድ ስለነበር ቢቢሲን የመሰለ ጣቢያ እንኳ ኮሜዲዎቹን እየጠረገ ቴፑን ለሌላ ሥራ ያውለው ነበር። ከዳድስ አርሚ የ1969 ክፍሎች ውስጥ ሦስቱ እስከ ዛሬ የሉም። ጠፍተው ከነበሩት ሌሎች ሁለቱ በ2001 የተገኙት ደግሞ ፊልም ላይ ተገልብጠው ስለነበር ነው። ማለትም እኛ ጭጋግ ነው ብለን የናቅነው ግልባጭ ነው ያተረፋቸው።

ቀጥለው የነገሩን ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። ከዚያው ኮሜዲ አንድ ክፍል በቀለም ተቀርጾ የቀረው ጥቁርና ነጭ የፊልም ግልባጭ ብቻ ነበር። ግልባጩ ሲነሣ ግን በስክሪኑ ላይ የነበረው የቀለም ሲግናል ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ አብሮ ፊልሙ ላይ ታትሟል። ለዓመታት እንደ ቆሻሻ ይቆጠር የነበረው ያ ነጠብጣብ በኮምፒውተር ተነቦ የጥንቱ ቀለም ተመለሰና በ2008 በቴሌቪዥን ታየ። ቀለም የተቀባ አይደለም፤ የራሱ የስቱዲዮው ቀለም ነው።

እሳቸው በሠሩበት ጣቢያም ቴፕ ሲያጥር ከመደርደሪያ ወርዶ ይጠረግ እንደነበር፣ ቀድሞ ተራ የሚደርሰው ቀልድና ጨዋታ እንደነበር ጨመሩ። ዜናና ንግግር ይቀመጣል፤ ሰው ያሳቀው ይጠረጋል። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 16፦ ወጣት ነው መሰለኝ። ፊልም አሸናፊ ከሆነ ለምን ሁሉም የፊልም ኮሜዲ አያምርም ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰው። በ1980ዎቹና 90ዎቹ ብዙ ኮሜዲ በፊልም ይቀረጽና ኤዲቱ በቴፕ ይሠራ ነበር፤ ለስርጭት የሚወጣው ያው 525 መስመር ነው። ሳይንፌልድና ፍሬንድስ ዛሬ ጥርት ብለው የሚታዩት ወደ ኔጋቲቩ ተመልሰው እንደገና ስለተነበቡና እያንዳንዱ ቅንጭብ እንደ አዲስ ስለተቀጣጠለ ነው። ለዚህ የሚከፍል ካልተገኘ ፊልሙ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ጎልደን ገርልስና ዘ ፍሬሽ ፕሪንስ ግን ቴፕ ናቸው፤ የቱንም ያህል ቢከፈል የሚመለሱበት ኔጋቲቭ የለም።

ቁጥር 17፦ ማጥራት የሚባለውን ነገር እንደ ስርቆት ነው የሚያየው። ለሰፊ ስክሪን ሲባል የሳይንፌልድ ምስል ከላይና ከታች ተቆርጧል፤ ኔትፍሊክስ በ2021 ሲያቀርበው መንገድ ላይ ስላለ ጉድጓድ በሚያወራው ክፍል ጉድጓዱ ራሱ ከምስሉ ወጥቶ ቀርቷል። ፍሬንድስ ደግሞ በጎን በኩል ሲሰፋ መታየት ያልነበረባቸው፣ በተዋናዮቹ ምትክ የሚቆሙ ሰዎች ብቅ ብለዋል። አራት ማዕዘኑን ተዉልን አለ፤ በዚህ አብሬው ነኝ።

ቁጥር 18፦ ለእኔ የተጻፈ ነው። ገንዘብን ከጨዋታው ማስወጣት አትችልም አለኝ። ደብሊው ኬ አር ፒ ኢን ሲንሲናቲ የሬዲዮ ጣቢያ ኮሜዲ ስለሆነ በየክፍሉ እውነተኛ ዘፈን ይጫወታል፤ በቴፕ የተሠራበት አንዱ ምክንያት ለቴፕ ፕሮግራም የሙዚቃ ፈቃድ ይረክስ ስለነበር ነው። ፈቃዱ ግን ለዘላለም አልነበረምና በኋላ ብዙዎቹ ዘፈኖች በሌላ ተተክተው ወጡ። ሜሪ ታይለር ሙር ሾውን በፊልም የሠራው ኤምቲኤም ነው ይህንን በቴፕ የሠራው፤ እንግዲህ የጥበብ ምርጫ የት አለ? የተሰማኝን ጻፍኩለት፦ ሊር አንድ ሰው ነው፣ ኤምቲኤም ድርጅት ነው፤ ያንዱን ምክንያት ለሌላው አላለብሰውም። ገንዘቡ በር ይከፍታል እንጂ እንዴት እንደሚቀለድ አይነግርም። አልተስማማንም።

ቁጥር 19፦ ከርዕሱ ወጣ። አዲሱ ቴሌቪዥኑ ላይ ሉሲ ራሷ ቴፕ መስላ ትንሸራተታለች፣ ተበላሽቷል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ቁጥር 20 እና 21፦ አልተበላሸም አሉ ሁለቱም ባንድ ጊዜ። ቴሌቪዥኑ በፊልሙ ምስሎች መካከል የሌለ ምስል እየፈጠረ ይጨምራል። ሳምሰንግ ቀድሞ አውቶ ሞሽን ፕላስ ይለው ነበር፣ ኤልጂ ትሩሞሽን ይለዋል፤ ከምስል ማስተካከያው ገብቶ ማጥፋት ነው። ቶም ክሩዝ ሳይቀር በ2018 ይህንኑ አጥፉ ብሎ ቪዲዮ ለቋል።

ቁጥር 22፦ አጥፍቶት ነበር፤ አማቱ መልሰው አበሩት። ሰዎቹ ቤት ውስጥ ያሉ ይመስላሉ፣ ምን አስጠፋህ አሉት።

ቁጥር 23፦ ቁጥር 4 ነው። አማቲቱ ከዚህ መድረክ ሁሉ ይበልጥ ያውቃሉ ብሎ ጻፈና ሄደ።

ቁጥር 24፦ የሠርጉ ካሴት ባለቤት ተመልሳ መጣች። ካሴቱ አሁንም አለ፤ ሊድን ይችላል ወይ ስትል ጋሼን ጠየቀች።

ቁጥር 25፦ ይድናል አሉ። ኤንቲኤስሲ የሚያጫውት ዴክ ይፈለግ፤ ሻጋታ ካለው በፍጹም ማሽን ውስጥ አይግባ፤ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ግማሽ ምስሎቹ እንዳሉ ይቀመጡ፣ ማዋሐዱ በኋላ ይደረሳል። ሠርጉ እንደ ሉሲ አይጠራም፤ ሰዎቹ ግን ሲደንሱ በ60ው ነው የሚደንሱት።

ቁጥር 26፦ ቁጥር 7 ነው። ይቅርታ የሚል ቃል አልጻፈም። ቨርጂኒያ እንደሚኖር፣ ሁለቱንም ዓይነት የሚያጫውት ዴክ እንዳለው፣ ወደ አሜሪካ የሚመጣ ሰው ካለ ካሴቱን እንዲይዝለት፣ እስከዚያ ግን ማንም ወደኋላ አጠነጥናለሁ ብሎ እንዳይነካው አዘዘ። የግል መልእክት ሳጥኑን ክፍት አድርጎታል።